ከቅጥር ውጭ ያለው ሜዳ

«ጂም» የምንላት አጭር ቃል የረጅም ስም ቁራጭ ናት። ሙሉ ስሟ ጂምናዚየም ነው፤ ግሪኮቹ ጂምናሲዮን ይሉታል። ሥሩ «ጂምኖስ» ሲሆን ትርጓሜውም ዕራቁት ማለት ነው። የጥንት ግሪክ ወንዶች ልብሳቸውን አውልቀው፣ ገላቸውን ዘይት ተቀብተው ይሮጡና ይታገሉ ስለነበር ቦታው በዚሁ ተሰየመ። እነሆ ያ ቃል ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ተጉዞ በእኛ ሰፈር፣ በጀሞ፣ ከመድኃኒት ቤትና ከኬክ ቤት በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በቀይ መብራት ተጽፎ ይበራል። ሥረ ነገሩን የሚያውቅ የሰፈር ሽማግሌ አለመኖሩ ለባለቤቱ በጀው እንጂ ማስታወቂያው ይውረድልን የሚል አቤቱታ ባልጠፋ ነበር።

ቃሉን እንድቆፍር ያደረገኝ ግን የቃል ፍቅር ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት እናቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት ታወቀ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «እናቴ፣ ይህ ኪኒን ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ እግርዎ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ ከተቻለም ቀላል ስፖርት ይሥሩ» አላት። እኔም ብሆን ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ደግሞ የስንኝ ቀለም ስቆጥር የማመሽ ሴት ነኝ። ሁለቱም ቆጠራ ወገብ ይፈጃል፤ ደሞዝ ያለው አንደኛው ብቻ ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ ሆነን በሰፈራችን ሰውነት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ፍለጋ ወጣን። እግራችን ከጀሞ አላለፈም፤ ሐሳቤ ግን አቴና ድረስ ሄደ።

በጥንቷ አቴና ስማቸው የገነነ ሦስት ጂምናዚየሞች ነበሩ፤ አካዳሚ፣ ሊሲየምና ኪኖሳርጌስ። ሦስቱም የነበሩት ከከተማው ቅጥር ውጭ ነው። ለሩጫ ሜዳ፣ ለመታጠቢያ ውሃ፣ ለማረፊያ ጥላ ያስፈልጋል፤ በቅጥሩ ውስጥ ደግሞ ቤት ከቤት ተጣብቆ ነበር። ፕሉታርክ እንደሚተርከው አካዳሚን ከደረቅ መሬትነት አውጥቶ ውሃ ያስገባለትና ዛፍ ያለበሰው የጦር መሪው ኪሞን ነው። ወጣቱ ለሩጫና ለትግል ወደዚያ ሲጎርፍ ፈላስፋውም ተከተለው፤ ጨዋታ ወዳድ ሰው መቼም ሕዝብ ወዳለበት ነው የሚያመራው። ፕላቶ በአካዳሚ፣ አሪስቶትልም በሊሲየም አስተማሩ። «ሊሲስ» በተባለው የፕላቶ ድርሰት መክፈቻ ላይ ሶቅራጥስን የምናገኘው ከአካዳሚ ተነሥቶ በቅጥሩ ሥር ወደ ሊሲየም ሲያዘግም ነው። በእኛ አነጋገር ከአንዱ ጂም ወደ ሌላው በእግሩ እየሄደ ነበር ማለት ነው። ጀርመኖች ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጀውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸውን ዛሬም ጂምናዚየም ይሉታል። እኛም «የሳይንስ አካዳሚ»፣ «የፖሊስ አካዳሚ» ስንል የአንድ የከተማ ዳር ሜዳ ስም እየጠራን ነው። መጽሐፍ ወዳዶች ሆነን የስፖርት ሰዎችን በንቀት የምናይ ካለን፣ የሁለታችንም አያት አንድ ግቢ ውስጥ እንዳደጉ ማስታወሱ አይከፋም።

ሜዳው ግን የሁሉ አልነበረም። ባሪያ በጂምናዚየም እንዳይለማመድ የሚከለክል ሕግ ነበር። የአቴና ሴትም እዚያ ድርሻ አልነበራትም። ከሦስቱ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ኪኖሳርጌስ ነበር፤ ከወላጆቻቸው አንዱ አቴናዊ ያልሆነ ወጣቶች የሚለማመዱት በዚያ ነው። እናቱ ባዕድ የነበረች አንድ ብልህ ልጅ የባለጸጎቹን ልጆች እያግባባ ወደዚያ ሜዳ እያወጣ አብረውት እንዲታገሉ ያደርግ ነበር ይባላል። ፕሉታርክ ይህን የሚያነሣው በዘርና በዘር መካከል የነበረውን አጥር በብልሃት አፈረሰ ብሎ ነው። ልጁ በኋላ በሳላሚስ ባሕር የፋርስን መርከቦች ድል የነሣው ቴሚስቶክልስ ነው። ስለ ሴቶቹ ደግሞ ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል የአገር ጠባቂ የሚሆኑ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ በጂምናዚየም መሠልጠን አለባቸው ብሎ ተከራከረ። ሰው እንደሚስቅበት ያውቅ ነበር። ወንዶቹ ራሳቸው ልብሳቸውን አውልቀው መለማመድ የጀመሩ ሰሞን እንደተሳቀባቸውና ሳቁ ግን እንደከሰመ እያስታወሰ አለፈው። ይህን ያነበብኩት ከእናቴ ጋር አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በወረድኩበት ሳምንት ነበርና ከወትሮው አብልጦ ነካኝ።

የወጣነው በደረጃ ነው፤ ሊፍቱ ቆሟል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እማዬ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመችና፣ «ልጄ፣ ስፖርቱን እዚሁ ጨረስነው እኮ፤ እንመለስ» አለችኝ። አስተናጋጇ ልጅ ትሑት ነበረች፤ ወንበር አቀረበች፣ ውሃ ሰጠች። ዋጋው ግን ትሑት አልነበረም። ለሁለታችን የተጠየቅነው የወር ክፍያ ከደሞዜ አሥራት ይበልጣል፤ የመመዝገቢያውን ሳይጨምር። ሙዚቃው ከግድግዳው ጋር ደረት ለደረት ይጋፋል። «እማማ፣ ለእርስዎ ዕድሜ የሚሆን ክላስ እንኳ የለንም፤ ግን ትሬድሚሉ ላይ ቀስ ብለው መራመድ ይችላሉ» አለቻት። እማዬ በመስተዋቱ ፊት የተደረደሩትን ማሽኖችና በላያቸው ላይ የሚሮጡትን ልጆች ትክ ብላ አየች። «የት ለመድረስ ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ሳቀች፤ እማዬ ግን ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ጥያቄዋ ከታሪክ አንጻር የዋዛ አይደለም። «ሚል» ወፍጮ ነውና «ትሬድሚል» የሚረገጥ ወፍጮ ማለት ነው። ዊልያም ኩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1818 ለእስር ቤት ነበር የሠራው። እስረኞች ጎን ለጎን ቆመው በትልቅ መንኮራኩር ላይ የተገጠሙትን እርከኖች ለሰዓታት ይረግጣሉ፤ መንኮራኩሩ ከሥራቸው ይሸሻል፤ እነርሱ ባሉበት ናቸው። አንዳንዱ እህል ይፈጭ፣ አንዳንዱ ውሃ ይስብ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ከነፋስ በቀር የሚፈጨው አልነበረውም። ኦስካር ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1895 የሁለት ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈርዶበት ፔንተንቪል ሲገባ ይህን ወፍጮ ረግጧል። እንግሊዝ ቅጣቱን በ1898 በወጣ ሕግ አስቀረችው። ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1968፣ ኬኔት ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም «ኤሮቢክስ» የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ። ዊልያም ስታውብ የተባለ መሐንዲስም መጽሐፉን አንብቦ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ዋጋው የሚቀመስ የመሮጫ ማሽን ሠራ። ገጣሚን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስረገጡትን ነገር እኛ ዛሬ ተሰልፈንና ከፍለን እንረግጠዋለን። ማሽኑን አልነቅፍም፤ ለልብ ሕመምተኛ መመርመሪያም ለዝናብ ቀን መጠለያም ሆኗል። እማዬ ግን ለመራመድ ደረጃ መውጣትና መክፈል የለባትም።

ሌላው የጂም ዘር ከስዊድን ይመዘዛል፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛም ይመጣል። ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም አቋቋመ። መሣሪያ የሌለበት፣ በትእዛዝ የሚሠራ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ጎን፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት እንቅስቃሴ አባቱ እርሱ ነው። የሚገርመው ሊንግ ገጣሚም ነበር፤ በ1835 የስዊድን አካዳሚ አባል ለመሆን በቅቷል። ስለ ግጥሙ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው፤ ቁጭ ብድጉ ግን ዓለምን ዞረ። ጀማሪ ገጣሚዎች በዚህ እንጽናና ወይስ እንዘን ገና አልወሰንኩም። ከእርሱ በኋላ ጉስታቭ ዛንደር የተባለ ሐኪም በዚያው በስቶክሆልም በ1865 መንኮራኩርና ክብደት ያላቸው የእንቅስቃሴ ማሽኖች የሞሉበት ተቋም ከፈተ። ማሽኖቹ ቀን ሙሉ በቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው መፍትሔ ናቸው ብሎ ይሰብክ ነበር። እንግዲህ የዛሬው ጂም ከመጀመሪያው የታሰበው ለእኔ ቢጤ የወንበር ሰው ነው።

ከስዊድን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሰው ኦኒ ኒስካነን ነው። ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 መጥቶ የክብር ዘበኛን ዕጩ መኮንኖች ሰውነት ማጎልመሻ አስተማረ። (ይህ «ሰውነት ማጎልመሻ» የሚለው ስያሜ እንዴት ያለ ውብ አማርኛ ነው! «ጂም» ውስጥ ዕራቁትነት ብቻ አለ፤ «ማጎልመሻ» ውስጥ ግን ጉልምስና፣ ዕድሜና ተስፋ አለ።) ከክብር ዘበኛ ወታደሮች አንዱ አበበ ቢቂላ ነበር። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያደረገውን ማንም ያውቀዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ የሆነው ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። ሁለተኛው ሰው ስታዲየም እስኪገባ ድረስ ሜዳው መካከል ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ያፍታታ፣ ወገቡን ያሳስብ ጀመር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ስታዲየሙን ሞልቶ ሲጮህ እርሱ የማለዳ ስፖርቱን እንደሚሠራ ወታደር ዝም ብሎ ያሳስባል። በዚያ ሣር ላይ እኔ የስቶክሆልሙን ገጣሚ አዳራሽ አየዋለሁ፤ ማሽን የለም፣ መስተዋት የለም፣ ወለልና ሰውነት ብቻ። በ1969 በመኪና አደጋ ወገቡ ከታች አልታዘዝ ሲለው ደግሞ አበበ በእጁ ቀረ። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ይህን ለእማዬ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «እኔስ እግሬ አለ» አለች።

ከስዊድኖቹ በፊት እኛስ ሰውነታችንን የት ነበር የምናፍታታው? ጥያቄው ራሱ ለአያቶቻችን ቀልድ ይመስላቸው ነበር፤ ማረስ፣ ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ለሰውነት ትርፍ ጊዜ አይተዉለትም። ጨዋታው ግን ነበረ። ጌታና ሎሌ የሚጋፉበት የገና ጨዋታ፣ የፈረስ ጉግስ፣ የሜዳ ትግል ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ አጥር የሌለው ገላጣ መሬት። አዲስ አበባ ለዚህ ጃን ሜዳን አቆየች፤ ሰልፉም፣ የፈረስ ግልቢያውም፣ አገር አቋራጩም፣ ጥምቀቱም እዚያው ነው። በንጉሡ ዘመን ወወክማ ለከተማው ወጣት መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ አስለመደ፤ ሁለቱም ጨዋታዎች የተፈጠሩት በዚያው ማኅበር የአሜሪካ ቅርንጫፎች ነው። በደርግ ዘመን ማኅበሩ ተዘጋ፤ የቀበሌ አዳራሾችም በፒንግ ፖንግና በካራቴ ተሞሉ። ደርግ ለሰልፍ የተጠቀመበት አብዮት አደባባይ፣ የዛሬው መስቀል አደባባይ፣ ሕዝቡ በራሱ ጊዜ ሌላ ሥራ ሰጠው፤ ጎሕ ሲቀድ በእርከኖቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጠውን ሰው ያላየ አዲስ አበቤ የለም። በዕቅድ ያልተሠራ፣ በር የሌለው፣ ከከተማው ሁሉ የሚልቅ ጂም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጀሞ ግን ከመስቀል አደባባይ ሩቅ ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ (በእኛው አቆጣጠር) በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ከተማዋ ዳር ሲሰፋ ቤቱ የተሠራው በእርሻ መሬት ላይ ነው። ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ደርሶ፣ ዕጣ ወጥቶ፣ ሕዝብ ገባ፤ ሜዳው ግን በመኪና ማቆሚያና በአሸዋ ክምር ተያዘ። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ ጎዳና ዘግቶ ሰውን ሲያስሮጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማት በመሀል ከተማ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ዘርግቷል፤ ከሥራ ስወጣ እየተራመድኩባቸው ውበታቸውን አልክድም። ነገር ግን ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሣው ሕዝብ ወደ ዳር ሄዷል፤ መራመጃው ያለው መሀል ነው። የአቴናው ነገር ተገልብጦብናል፤ ሜዳው ከቅጥር ውስጥ፣ እኛ ከቅጥር ውጭ።

ፍለጋችን ያበቃው በራሳችን ግቢ ነው። የኮንዶሚኒየም ንድፍ አውጪዎች ለእያንዳንዱ ግቢ አንድ የጋራ መገልገያ ቤት ሠርተዋል፤ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ደስታና ሐዘን የሚስተናገድበት። የእኛን ግቢ ቤት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ልጆቹ ይዘውታል። ብረታቸው ሲሚንቶ ነው፤ በባዶ የወተት ዱቄትና የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሰው፣ በሁለቱ መካከል የውሃ ቧንቧ ሰክተው አድርቀውታል። ክብደቱ በቀለም ተጽፎበታል፤ ትክክል ነው ብዬ ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ አልፈርምበትም። አንድ የተሰነጠቀ መስተዋት፣ ሁለት ገመድ፣ ከእንጨት የተሠራ አግዳሚ አለ። በሩ ላይ ሆነን ስንመለከት አንደኛው ልጅ ላቡን እየጠረገ መጣ። «እማማ ይግቡ፣ ምን ልታዘዝ?» አላት። ጉዳዩን ስትነግረው ሌሎቹን ጠራ፤ ተመካከሩ። ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት እነርሱ ስለማይኖሩ ቤቱ የእናቶች ይሁን አሉ፤ ቅዳሜ ከእናቶቹ ጋር እኔም እገባለሁ። ዛሬ ሰባት ሴቶች ሆነዋል። ሕንፃዎቹን አንድ ጊዜ ለመዞር 610 እርምጃ ይፈጃል፤ ቆጥሬዋለሁ። ስድስት ስድስት ቀለም የሚሄደው የወል ቤት ግጥም ከእማዬ እርምጃ ጋር ልክ መግጠሙንም አረጋግጫለሁ። ለገጣሚዎች ይጠቅማል።

ልጆቹን ሳይ ፍሪድሪክ ሉድቪግ ያን ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1811 በርሊን ከቅጥሯ ውጭ ሃዘንሃይደ በተባለ መስክ የመጀመሪያውን የሕዝብ ጂምናስቲክ ሜዳ የከፈተ መምህር ነው። ሰውየውን አልወደውም፤ ባዕድና አይሁድ ጠል ነበር። ሜዳው ግን ለማንም ክፍት ነበር፤ የእጅ ባለሙያውና ተማሪው አንድ ዓይነት ሻካራ ልብስ ለብሰው አንድ እንጨት ላይ ይንጠላጠሉ ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት ወጣት አንድ ቦታ መሰብሰቡን ፈራ፤ ያንን በ1819 አሰረው፣ ጂምናስቲኩንም በ1820 አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ1842 ነው። የእኛን ልጆች የሚፈራቸው የለም። የመጣባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ኪራይ።

የግቢያችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ኮሚቴ የጋራ ቤቱን የለስላሳና የቢራ ሳጥን ለሚያከማች ነጋዴ ለማከራየት ሐሳብ አቅርቧል። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም፤ የውሃ ፓምፑ ከተበላሸ ወራት አልፈዋል፣ አራተኛ ፎቅ ያሉ እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ይወጣሉ፣ የኪራዩ ገንዘብ ፓምፑን ያሠራል። እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ፓምፕ በመዋጮ ይሠራል፤ አንዴ በቢራ ሳጥን የተሞላ ቤት ግን ለሰው አይመለስም። ኮሚቴው ውስጥ ይህን የሚሰማኝ አንድ ሰው አለ፤ ሦስቱ አይሰሙኝም። ደግሞም ድምፅ ያለው ባለቤት ብቻ ነው፤ ልጆቹ የተከራይ ልጆች ናቸው፣ እኔም በእናቴ ቤት ነዋሪ ነኝ። የቤቱ ዕጣ የወጣው በእማዬ ስም ነው።

ስብሰባው ለመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተጠርቷል። እማዬ በሕይወቷ በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ በዕድር እንኳ የምትናገረው ከጎኗ ላለችው ሴት በሹክሹክታ ነው። ትናንት ማታ ግን እንጀራውን አጥፋ መሶቡን ከደነችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ያ ደረቁን መሬት ውሃ ያጠጣው፣ ዛፍ የተከለው ሰውዬ ማን ነበር ያልሽኝ?» አለች። ኪሞን አልኳት። ሁለት ጊዜ ደጋገመችውና፣ «በወረቀት ጻፊልኝ» አለችኝ።